አጉሮቹ ሲመጡ፦ የሰብሳቢው የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣት የማኅበራችን አባላት፤ ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ጉባኤያችንን ከሲግድ፣ ከቤተ እስራኤል በዓላችን፣ በኋላ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ከሩሲያና ከፊንላንድ የተነሡት አጉሮች፣ በእንግሊዝኛ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች፣ አሁን እዚህ ሰሜን እስራኤል ሑላ ሸለቆ ሰፍረዋል። ባይኖኩላር ያላችሁ አውጡት፤ የሌላችሁ ከጓደኛ ጋር ተጋሩ።

የሸለቆውን ትንሽ ሐይቅ፣ አጋሞን ሑላን፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ያቺ ውሃ ግን ከጥንት የነበረች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቀረን ካየመት የተባለው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ የእርሻ መሬት ለማግኘትና ወባን ለማጥፋት ብሎ የሑላን ሐይቅና ረግረግ በቦይ አስወርዶ አደረቀው። ለበጎ አስበው ነው፤ እኔ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ለዘመናት ውሃ ውስጥ የኖረው ጥቁር አፈር ሲደርቅ እየሰጠመ ሄደ፤ ከሥሩ እሳት እየተነሣ ተቃጠለ፤ ነፋስም አቧራውን ወሰደው። ከአፈሩ የታጠበው ናይትሬት በዮርዳኖስ ወንዝ ወርዶ ለኪኔሬት (ለገሊላ ባሕር) ሥጋት ሆነ። በመጨረሻ በ1994 ወደ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን መሬት ላይ ውሃው ተመለሰ። አጋሞን የተፈጠረችው ያኔ ነው።

ወፎቹ ውሃውን አይተው መጡ። ቀድሞ አልፈው ይሄዱ የነበሩ አጉሮች በአሥር ሺዎች እየሆኑ እዚያው መክረም ጀመሩ። የለውዝ ገበሬዎቹም ማሳቸው ተበላባቸውና ተቆጡ፤ መቆጣታቸው ተገቢ ነበር። መፍትሔው ለአጉሮቹ አንድ ማሳ ለይቶ በትራክተር በቆሎ መበተን ሆነ። ገበሬና የተፈጥሮ ጠባቂ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተስማሙበት ይህ ሥራ፣ ለእኔ ከውሃው መመለስ ይበልጣል። መጥፎ ጎኑን ግን አንደብቅ፤ ብዙ ወፍ አንድ ቦታ ሲታጨቅ በሽታም መዛመት ይቀለዋል። በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ አጉሮች ረገፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመድረቅ የተረፈችው ትንሽ ረግረግ በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያ ጥብቅ የተፈጥሮ ስፍራ ሆናለች። በ1996 ከምድር ጠፍታለች የተባለችው የሑላ እንቁራሪት በ2011 የተገኘችው እዚያ ነው። አዲሷ አጋሞን ብዙ መልሳልናለች፤ እንቁራሪቷን ያቆየችልን ግን ሳትነካ የቀረችው ቁራሽ ናት።

ይህን የማነሣው ስለ ጣና ነው። ከአጉሮቹ ከፊሎቹ ሑላ አይቀሩም፤ በረራቸውን ቀጥለው ጣና ዙሪያ ይወርዳሉ። ከደምቢያና ከፎገራ የመጣችሁ አባቶች፣ ከአጨዳ በኋላ ማሳ ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ያያችኋቸው እነዚያ ረጃጅም ግራጫ ወፎች እነዚሁ ናቸው። ማታ ከሚያድሩባቸው ቦታዎች ሁለቱ፣ ሸሸርና ወላላ፣ በእርሻ እየተገፉ ጠበዋል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ለፎገራ ገበሬ ግን መዝገቡ እህል አይሆነውም። የሑላ ገበሬና የወፍ ጠባቂ እንዴት እንደተስማሙ፣ የደረቀው አፈር ምን እንዳስከፈለ በአማርኛ ሊነግረው የሚችል ማን ነው? እኛ ነን። የሑላን ነገር በቅርብ አይተናል፤ የፎገራን መሬትም በእግራችን እናውቀዋለን።

የሥራ አመራሩ ለዛሬ ሁለት ሐሳብ ይዟል። በዚህ ወቅት ወደ አጋሞን በምናደርገው ጉዞ እያንዳንዱ ወጣት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይቀመጥ፤ ሽማግሌው ስለ ጣና ወፎች የሚያስታውሰውን፣ ስማቸውን፣ የሚመጡበትን ወር፣ የሚያርፉበትን ቦታ ይጻፍለት። ይህ እውቀት በሕይወት ያሉ ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው ያለው፤ ነገ ዛሬ ማለት አይገባም። ሁለተኛው፣ ባሕር ዳር ካሉ የወፍ ባለሙያዎች ጋር እንጻጻፍ፤ እዚህ ያየነውን እንላክላቸው፤ እነሱም አጉሮቹ ሲደርሱ ያሳውቁን።

በሁለቱም ላይ ከምሳ በኋላ እንወያያለን፤ ከዚያም እጅ በማውጣት እንወስናለን። አሁን የዓመቱን የሥራ ሪፖርት እንዲያቀርብልን የማኅበሩን ጸሐፊ እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።