ዳታ ይዘው ለምን ሰሚ አጡ?

[ምስል፦ የስብሰባ ክፍል። ስክሪኑ ላይ በቁጥር የታጨቀ ሰንጠረዥ።]

ባለሙያ ናችሁ እንበል። ወራት ለፍታችሁ መረጃ ሰብስባችኋል። ቁጥሩ ልክ ነው። አለቆቻችሁ ፊት አቀረባችሁት። አንዱ "ጥሩ ነው፣ እናየዋለን" አለ። "እናየዋለን" ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ ነገር የሰው ሕይወት ያስከፈለበትን አንድ ምሽት ላሳያችሁ።

[ምስል፦ መንኮራኩር በማስወንጨፊያው ላይ፣ ሌሊት።]

ጥር 19 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 27፣ 1986። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በማግስቱ ከፍሎሪዳ ልትነሳ ነው። ሌሊቱ ውርጭ እንደሚሆን ተተንብዮአል። አሜሪካ ዩታ ግዛት ያሉት የሞርተን ታዮኮል ድርጅት መሐንዲሶች ጨንቋቸዋል። መንኮራኩሯን ወደ ላይ የሚገፉት ሮኬቶች ሠሪ የእነሱ ድርጅት ነው።

ጭንቀታቸው ኦሪንግ ነው። አዎ፣ ጋራዥ ስትሄዱ መካኒኩ "ኦሪንጉ አልቋል፣ ይቀየር" የሚላችሁ ዓይነት የጎማ ቀለበት። የሮኬቱ ግን ግዙፍ ነው። የጋለ ጋዝ እንዳይሾልክ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ይደፍናል። ብርድ ሲመታው ይደርቃል፤ ተጨምቆ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም።

ማታ ከናሳ፣ ከአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ጋር የስልክ ስብሰባ ተደረገ። መሐንዲሶቹ 13 ገጽ በፋክስ ላኩ። "ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ከወረደ አትነሳ" አሉ።

ትክክል ነበሩ። ክርክሩ ግን ሁለት በረራዎች ላይ ተንጠለጠለ። አንዱ በ12 ዲግሪ ግድም የተነሳ ነው፤ ኦሪንጉን አልፎ የሾለከ ጥላሸት ተገኝቶበታል። ሌላው በ24 ዲግሪ፤ እሱም ላይ ጥላሸት ነበር። መሐንዲሱ ሮጀር ቦዥሌ የብርዱ ጥላሸት እጅግ የከፋ መሆኑን በዓይኑ አይቷል። ስልኩ ማዶ ያለው ሰው ግን ምን ሰማ? በብርድም ሾለከ፣ በሙቀትም ሾለከ። ታዲያ ብርዱ ምን አደረገ? በቁጥር አስቀምጠው ተባለ። አልቻለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከዚያ በፊት 24 በረራዎች ተደርገዋል። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሁሉንም ደረደራቸው፤ ምንም ያልሆኑትንም ጭምር። ያኔ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ሙቀቱ 19 ዲግሪ ግድምና ከዚያ በላይ በነበረባቸው 20 በረራዎች፣ ኦሪንግ የተጎዳው በ3ቱ ብቻ ነው። 17 ዲግሪ ግድምና ከዚያ በታች በነበሩት 4 በረራዎች ግን በአራቱም። አራት ከአራት! ይህ አንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ከ13ቱ ገጾች መካከል ግን አልነበረም። ባለሙያ ዓይኑ የተበላሸው ላይ ነው፤ ደህና የሆነው ማስረጃ አይመስለውም።

ጥፋቱን ሁሉ መሐንዲሶቹ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። በረራው ደጋግሞ ተራዝሟል። አንድ የናሳ ኃላፊ "ታዲያ መቼ ላስነሳ? ኤፕሪል ላይ?" ብሎ ተቆጥቷል። የታዮኮል አለቆች ለብቻቸው ተመካከሩ። የመሐንዲሶቹን የበላይ "የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አስኪያጁን ድፋ" አሉት። ድርጅቱ ሐሳቡን ቀየረ። በማግስቱ ቻሌንጀር በተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች። ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

[ምስል፦ የበረዶ ውሃ ያለበት ብርጭቆ።]

የካቲት 4፣ ሁለት ሳምንት በኋላ። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በቴሌቪዥን በሚተላለፈው የኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ ተቀምጧል። የኦሪንግ ጎማ ቁራጭ በትንሽ ማጥበቂያ ጠፍንጎ በረዶ ውሃ ውስጥ ነከረው። አወጣው፣ ማጥበቂያውን ፈታው። ጎማው እንደተጨመቀ ቀረ፤ ቶሎ አልተመለሰም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? የዚያን ቀን ብርሌው የውሃ ብርጭቆ ነበር።

እርግጥ ለፋይንማን ቀሎታል። አደጋው ደርሷል፤ የሚያጣድፈው አለቃም የለም። ቢሆንም መሐንዲሶቹ የማያውቁትን ነገር አላመጣም። ሰሚው የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ መረጠ፦ ይህ ጎማ ሲበርደው ምን ይሆናል?

እናንተም ገጽ አንድን ከውሳኔው ጀምሩት፦ ነገ ትነሳ ወይስ አትነሳ? ቀጥሎ አራት ከአራቱን አሳዩ። "በሙቀትም እኮ ሾልኳል" የሚል እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ እሱ ሳያነሳው እናንተ አንሱት። የቀሩት 12 ገጾች ቦርሳ ውስጥ ይቆዩ። "ቁጥር አምጣ" የሚል ሲገኝ ትመዟቸዋላችሁ።