ግሪፊን ከመሰወሩ በፊት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከባሕር ዳር ነው። ሙቀቱ ስለከበደኝ መስኮቱን አልዘጋሁትም፤ ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ታገሡኝ።

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ አንድ ሰው ነው የማወራው። በእውን የኖረ ሰው አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በፈረንጆቹ 1897 ባሳተመው ስለማይታየው ሰው በሚተርክ ልቦለድ ውስጥ ያለ፣ ግሪፊን የሚባል ሳይንቲስት ነው። ታሪኩን በወሬም ቢሆን የምታውቁት ትኖራላችሁ። ሰውየው ራሱን እንዳይታይ ያደርጋል፤ ከዚያ ይዘርፋል፣ ይደበድባል፣ ይገድላል። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያነሳ «ማንም እንደማያየው ሲያውቅ ሰይጣን ገባበት» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ግሪፊን የተበላሸው ከመሰወሩ በፊት ነው።

ከመጀመሪያው እንየው። ግሪፊን ሕክምና ጀምሮ ወደ ፊዚክስ የዞረ ጎበዝ ተማሪ ነበር። በኋላ በአንድ የክፍለ ሀገር ኮሌጅ እያስተማረ ሳለ ስለ ብርሃን አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። ለማን ነገረ? ለማንም። ፕሮፌሰሩ ሐሳቤን ይሰርቀኛል ብሎ ፈራ። ተማሪዎቹን ናቃቸው። ሌሊት ሌሊት ብቻውን እየሠራ ዓመታት አለፉ፣ ገንዘብ ሲያጥረው ደግሞ አባቱን ሰረቀ። ገንዘቡ የአባቱ አልነበረም፤ እጃቸው ላይ የነበረ የሰው ገንዘብ ነው። አባትየው ራሳቸውን በጥይት ገደሉ። ልጅ ቀብሩ ላይ ተገኘ፣ ግን ቅንጣት አላዘነም። ቆይቶ ለጓደኛው ሲተርክም አባቱን እንደ ሞኝ ነው የሚያወራባቸው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዕቁብ ብር እጁ ላይ የጠፋበት ሰው ሰፈር ውስጥ እንዴት አንገቱን ደፍቶ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እኚህ አባት የገቡበት ጭንቀት ያ ነው፣ ያስገባቸው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ነው። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ግሪፊን እንደማንኛችንም ይታይ ነበር። ቀብርተኛው ሁሉ አይቶታል። ገና ምንም መድኃኒት አልጠጣም፣ ምንም አልተሰወረም። እና «ኃይል አበላሸው» ስንል የትኛውን ኃይል ነው የምንለው?

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። አንዲት ድመት ላይ ሞከረ፤ ድመቷ ጠፍታ ዓይኗ ብቻ ሲያበራ ቀረ። ቀጥሎ ራሱ ላይ። ዱካውን ለማጥፋት የተከራየበትን ቤት አቃጠለ። ውጪ ሲወጣ ግን የጠበቀውን አላገኘም፤ ልብስ ከለበሰ ልብሱ ስለሚታይ በለንደን ብርድ ራቁቱን ነው የሚዞረው፣ ውሾች አሽትተው ያገኙታል፣ ሕፃናት የጭቃ ዱካውን አይተው ይከተሉታል፣ የበላው ምግብ እንኳን እስኪፈጭ ድረስ ሆዱ ውስጥ ይታያል። ዌልስን የማደንቀው በዚህ ነው።

ሳይንሱ ደግሞ ውብ ነው። እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ስለሆነ ይሄን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ክፍል ውስጥ ቢከር ላይ የምግብ ዘይት እሞላና የላብራቶሪ የመስታወት ዘንግ ቀስ አድርጌ አስገባለሁ። ከዘይቱ በላይ ያለው ይታያል። የገባው ግን ድራሹ ይጠፋል፣ ዘንጉ እዚያ ጋ በቢላ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ይወጣሉ። ሁልጊዜ አንዱ ሳያስፈቅድ ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ከትቶ ይነካዋል፣ ዘንጉ እዚያው አለ፣ ከዚያ ዘይት የሚንጠባጠብ ጣቱን ለጓደኞቹ እያሳየ «አለ! አለ!» ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብርሃን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲገባ ጎበጥ ይላል፣ ከፊሉም ይንጸባረቃል፤ መስታወትን ውሃ ውስጥ የምናየው በዚህ ነው። ብርሃን ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚነግረን ቁጥር ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ ይባላል፤ የውሃ 1.33 ነው። የዘይቱና የዚያ መስታወት ግን ሁለቱም 1.47 አካባቢ ስለሆነ ብርሃኑ ድንበሩን ሳያውቅ ያልፋል። የግሪፊንም ሐሳብ ይሄው ነው፤ የሰውን ሥጋ ኢንዴክስ ከአየር ጋር እኩል ማድረግ።

በእርግጥ እንዲህ ያለ ሰው ዕውር ነው የሚሆነው። ብርሃን ዓይኑን ሰንጥቆ ካለፈ ምን ያያል?

ግን ሐሳቡ ቀልድ አይደለም። በ2024 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታርትራዚን የሚባለውን፣ ምግብን ቢጫ የሚያደርገውን ቀለም በውሃ በጥብጠው የአይጥ ቆዳ ላይ ቀቡት። ቀለሙ በቆዳው ውስጥ ያለውን ውሃ ኢንዴክስ ከስቡ ጋር ሲያቀራርበው ቆዳው ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ፤ ከሥሩ ያለው የሆድ ዕቃና የጭንቅላት ደም ሥር ታየ። በውሃ ሲያጥቡት ለቀቀ። ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሠሩት፣ የት ድረስ እንደሚሠራ ሁሉንም ጽፈው አሳተሙት፤ የፈለገ ደግሞ ይሞክረዋል፣ የተሳሳተ ካለ ያርመዋል። ግሪፊን የያዘው ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እሱ ግን ደብተሩን ሌላ ሰው እንዳያነብበት በምስጢር ጽሕፈት ነበር የሚጽፈው።

ጣና ዳር ላደገ ሰው መሰወር አዲስ ወሬ አይደለም። ደሴቶቹ ላይ ከሰው ዓይን የተሰወሩ አባቶች አሉ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። በጀልባ ስንሄድ የክብራን ገብርኤል ገዳም ከሩቅ ሲታይ ትልልቆቹ ያማትባሉ፣ እኛም እነሱን አይተን እናማትባለን። ለምን ተሰወሩ ብዬ አያቴን ስጠይቃት «ከውዳሴ ከንቱ ሸሽተው ነዋ ልጄ» ትለኝ ነበር። የገዳም ሰው ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ አበምኔቱን ይታዘዛል፣ ዓመታት ሙሉ ሰው እያየው ይኖራል። ግሪፊንን «ተው» የሚለው አንድ ሰው እንኳን አልነበረውም። እንዳይኖር አድርጎ ነው የኖረው።

እዚሁ ሐይቃችን ላይ ያለውንም ላንሳ፣ በጣም ስለሚያናድደኝ። ያን ስስ የፕላስቲክ ክር መረብ አይታችሁታል? እጃችሁ ላይ ስታደርጉት እንኳን በቅጡ አይታይም፤ ውሃ ውስጥ ከገባማ ዓሣው በምን ያየዋል? ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል። ተቀዶ ሲጣል አይበሰብስም፣ እዚያው ሆኖ መግደሉን ይቀጥላል። ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኙ፣ ባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉን። ከእነሱ ውስጥ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች የሚወጡ አሉ። መረቡን በዚያ ሰዓት ወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣም ነው የሚያወጣው። ክሩን የፈለሰፈው ሰው ምንም አላጠፋም። ማታ ጥሎ ሳይነጋ የሚሰበስበው ግን የሚሠራውን ስለሚያውቅ ነው በጨለማ የሚመጣው።

ወደ ግሪፊን ልመለስና ላብቃ። ቆስሎ፣ ተርቦ፣ ዩኒቨርሲቲ ያውቀው የነበረ ዶክተር ኬምፕ ቤት ገባ። ኬምፕ አበላው፣ አልጋውን ለቀቀለት፣ አሳልፌ አልሰጥህም ብሎ ቃል ገባለት። ነገር ግን ጋዜጣ ላይ የሠራውን ሲያነብ ለፖሊስ አዛዡ ወረቀት ላከ። በማግስቱ ግሪፊን ዕቅዱን ነገረው፤ አንድ ከተማ እንይዛለን፣ በሽብር እንገዛለን፣ ያልታዘዘንን እንገድላለን። ኬምፕ ጊዜ ለማግኘት ይሁን ከልቡ፣ የመለሰለት ነገር ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ቦታ ነው፦ ብቻህን አትሁን፣ ሥራህን አሳትም፣ ሕዝቡን እመነው፣ ሚሊዮን ረዳት ቢኖርህ ምን ልትሠራ እንደምትችል አስብ አለው። ግሪፊን አልሰማውም፤ ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ሰምቶ ነበር።

እኔ ኬምፕ ልክ ነው ባይ ነኝ። እንግዳን አሳልፎ መስጠት በኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቃሉንም አጥፏል። ግን አባቱን ቀብሮ ያላዘነ ሰው ስለ ሌላው ሰው ሞት እንዲህ ሲያወራ እየሰማችሁ ዝም ትላላችሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት አሰማዋለሁ። ደኅና ሰንብቱ።