የአያቴ ውጅግራና የጠፋችው ብሎን

ትዕግስት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! ከደብረ ማርቆስ ነን። ዛሬ የምናወራው ስለ ድሮ የጦር ጠመንጃ እድሳት ነው። የጎደለው ዕቃ ትክክለኛው ከየት ይገኛል? ጋሼ ይበልጣል፣ ከብሎኗ እንጀምር?

ይበልጣል፦ እንጀምራለን። ግን መጀመሪያ ስለ ሰደፉ፣ ስለ እንጨቱ ላውራ። ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ትዕግስት፦ የአናጺው ነገር?

ይበልጣል፦ አዎ። የአያቴ ውጅግራ፣ ያ የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። አንድ ጎበዝ አናጺ አለ ሲሉኝ ወስጄ ሰጠሁት። በሳምንቱ ስሄድ እንደ አዲስ አልጋ እያብለጨለጨ ጠበቀኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ!

ትዕግስት፦ አምሮ የለም እንዴ?

ይበልጣል፦ አምሯል፤ ችግሩ እሱ ነው። የፈረንሳይ ውጅግራ ሰደፉ ላይ በቀኝ በኩል ክብ ማኅተም አለው። የት ፋብሪካ፣ በየትኛው ወርና ዓመት እንደተሠራ ይናገራል። እሱ ከእንጨቱ ጋር ተፍቆ ሄደ። አናጺውን አልወቅሰውም። ሳልነግረው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ትዕግስት፦ እማማስ ምን አሉ?

ይበልጣል፦ «ተልባ እያለ ቫርኒሽ?» አለች። እውነቷን ነው! የድሮ የጠመንጃ እንጨት የሚወደው የተልባ ዘይት ነው። በጨርቅ ትንሽ፣ ስስ አድርገሽ ታሻሺዋለሽ። ቀናት ትጠብቂና ትደግሚያለሽ። እንጨቱ ይጠጣዋል፤ እንደ ቫርኒሽ ላዩ ላይ አይቀርም።

ትዕግስት፦ ተልባማ ጎጃም ሞልቷል!

ይበልጣል፦ የምልሽ ዘይቱን ነው፣ የምንጠጣውን አይደለም። እና ይሄን አድማጮች ይያዙልኝ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ አትጣይ። እየደረቀ ይሞቃል፤ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አስጪው።

ትዕግስት፦ በራሱ? ሳይለኮስ?

ይበልጣል፦ ሳይለኮስ።

ትዕግስት፦ ጋሼ፣ ብሎኗ...

ይበልጣል፦ መጣሁ መጣሁ። ውጅግራ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ከፈረንሳይኛ ነው። ፉዚል ማለት ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን ስም። ፉዚል ግራ፣ ፉዚል ግራ ሲባል ሲባል ውጅግራ ሆነ። በልጅግም የቤልጅግ አገር ጠመንጃ ነው። ለበን፣ አልቢን፣ ስናድር፣ ሁሉም የፈረንጅ ስም ናቸው። በእኛ አፍ ተሞርደው አማርኛ ሆኑ። ይሄ እንዴት ደስ ይለኛል መሰለሽ!

ትዕግስት፦ እኔ ውጅግራ የፉከራ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይበልጣል፦ ብረቱም አለ፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ። በ11 ሚሊሜትር ጥይት፣ አንድ አንድ እያጎረስሽ የምትተኩሺው። ሞዴሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 ነው። የእኛው አፈሙዙ ላይ 1876 ይላል። አድዋ በፈረንጅ 1896 ነው፣ በእኛ 1888። ስለዚህ ጠመንጃው አድዋን በ20 ዓመት ይበልጠዋል።

ትዕግስት፦ አድዋ ዘምቷል ማለት ነዋ!

ይበልጣል፦ እሱን አልልም። ቤተሰቡ ይላል፤ ብረቱ ግን የተወለደበትን እንጂ የዋለበትን አይናገርም። ላፈሙዙ ግን አዝናለሁ። የድሮው ጥቁር ባሩድ ሲነድ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ይስባል። ቶሎ በውኃ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ዘይት ካልቀባሽው ውስጡን ይበላዋል። የእኛው ተበልቷል። አይተኮስም፤ እንዲተኮስም አልፈልግም። ላክብረው ነው የምፈልገው።

ትዕግስት፦ እሺ፣ አሁን ብሎኗ። አልለቅህም።

ይበልጣል፦ በቃ ብሎኗ። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት ሲሳብ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ገትራ የምትይዘው ናት። ጠፍታለች። ከብረታ ብረት ሱቅ ገዝቼ ሞከርኩ። አልገጠመችም። ያኔ የብሎን ጥርስ እንደ ዛሬው አንድ ዓይነት አልነበረም። በግድ ካጠበቅሽ የጠመንጃውን ጥርስ ትጨርሺዋለሽ።

ትዕግስት፦ ታዲያ ከየት ይመጣል?

ይበልጣል፦ ከሞተ ውጅግራ። አፈሙዙ የተቀደደ፣ ሰደፉ የተቃጠለ ጠመንጃ ሰው ቤት አይጠፋም። እሱም ቢሆን በሕጋዊ መንገድ፣ ወረቀቱ ተጣርቶ። ቁጥርም ማየት ነው። አፈሙዙ ላይ፣ መዝጊያው ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ከተመታ አብረው የተወለዱ ናቸው። ካልተመሳሰለ ከሌላ የመጣ ነው።

ትዕግስት፦ እንግዲያው ያ ጠፍር ይነሳ! ስንጥቁ ላይ የተጠመጠመው። እሱ ከፋብሪካ አልመጣም። አናጺው እንኳ ነካ አላደረገውም።

ይበልጣል፦ ኧረ አይነሳም!

ትዕግስት፦ ለምን? ኦሪጅናል እያልክ ስትሟገት አልነበር?

ይበልጣል፦ ጠፍሩን ያሰረው አያቴ ነው። በእርጥቡ ጠምጥሞ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ነከሰው። እስካሁን ይዟል። ለኔ ከማኅተሙ እኩል ነው።

ትዕግስት፦ ማኅተሙ የፋብሪካ ነው፣ ጠፍሩ ጥገና ነው። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው። ሙዚየም ቢገባ ባለሙያው ምን ይላል?

ይበልጣል፦ «ማን አሰረው፣ መቼ?» ብሎ ይጽፍልኛል። አይፈታውም።

ትዕግስት፦ እኔ ግን ፎቶ አንስቼ እፈታው ነበር። ከሥሩ እንጨቱ እየበሰበሰ ቢሆንስ?

ይበልጣል፦ ...እሱስ እውነትሽን ነው። ከሥሩ አላየሁም።

ትዕግስት፦ አየህ!

ይበልጣል፦ ጫፉን ብቻ ላላ አድርጌ ባትሪ አበራበታለሁ። መፍታት ግን የለም።

ትዕግስት፦ ቅዳሜ እማማ ቤት አብረን እንየው?

ይበልጣል፦ ነይ። የተልባውን ዘይት እኔ አመጣለሁ፤ አንቺ ንጹሕ ጨርቅ ያዢ።