ያመለጠኝ ሽንት ነው

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የእድራችን ኮሚቴ «ስለ ሴቶች ጤና ትንሽ ተናገሪ» ብሎኝ ስለ ደም ግፊትም፣ ስለ ስኳርም ጽፌ ነበር። ወረቀቱ ይኸው። ግን የመጣሁት ስለ ሽንት ላወራ ነው። ሳቁ፣ ችግር የለም። እኔ ነኝ ስስቅ ሽንቴን መያዝ የማልችለው።

ማህፀኔ ወጥቶ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስድስት ዓመት ደብቄ ኖርኩ። በመጨረሻ ኦፕራሲዮን ሆንኩ፤ የሐኪሙ እጅ ይባረክ፣ ተመለሰልኝ። የሽንት ቱቦው ሲነቀል መሽናት አቃተኝ፣ መልሰው አስገቡት። «ለጊዜው ነው» አሉኝ፤ እውነትም በሳምንቱ ለቀቀኝ። እሱስ ይሁን።

በሁለተኛው ወር ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ፣ የኋላ ወንበር፣ መሃል ላይ ነኝ። አምባሳደር ጋ ስንደርስ አስነጠሰኝ። አንዴ ብቻ! ቀሚሴ ራሰ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ «ማዘር፣ እዚህ አይቆምም፣ ትራፊክ አለ» ይለኛል። አጠገቤ የነበረው ልጅ እግዜር ይስጠው፣ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ነበር። ወርጄ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አዙሬ ያንን ሁሉ ዳገት በእግሬ ተመለስኩ።

ጎረቤቴ «ፌስቱላ ነው» አለችኝ። አይደለም። ፌስቱላ ምጥ ሲራዘም የሚመጣ ቀዳዳ ነው፤ እነ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እንደ ፈረንጅ በ1974 እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል የከፈቱለት። የኔ ሌላ ነው። ወደ ሐኪሜ ተመለስኩ። «ማህፀንዎ ቦታው ላይ ነው፣ ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል» ብሎ ሸኘኝ።

ያስረዳችኝ ሌላ ሐኪም ናት። የወረደው አካል የሽንት ቧንቧውን እንደ ውሃ ጎማ አጥፎት ይቆያል። ጎማ ሲታጠፍ አያፈስም። ኦፕራሲዮኑ ሲያቃናው ድሮ የነበረው ድክመት ይገለጣል። ሁሉም ሴት ላይ አይደርስም። ግን አስቀድሞ መፈተሽ ይቻላል፦ ፊኛ ሞልቶ፣ የወጣውን ወደ ውስጥ መልሶ «እስቲ ይሳሉ» ማለት ነው። ሁሉንም አያሳይም፣ ይሁን። ግን ለሳል ምን ማሽን ያስፈልጋል? ምን ዶላር? ፎርም አስፈርመውኛል፣ ደሜን ቀድተዋል፣ የባሌን ስልክ ሳይቀር ጽፈዋል። «ይሳሉ» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም! ቢነግሩኝ ኦፕራሲዮኑን አልተውም ነበር። ሞዴሴን ገዝቼ፣ ልቤን አዘጋጅቼ እገባ ነበር። እኔ ግን ተበላሸሁ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም። እናንተም ታዝባችሁኛል፣ አውቃለሁ።

ስለዚህ ቀጠሮ ያላችሁ፣ ሳትፈርሙ ጠይቁ። «ሽንቴስ?» በሉ። ዶክተር ቢቆጣም ጠይቁ!

የቀረውን ባጭሩ። ሽንትን ለመያዝ እንደምንጨብጠው አድርጎ ጡንቻውን መጭመቅና መልቀቅ፣ በየቀኑ፣ ለወራት። እኔን ረድቶኛል። ካልረዳ ሌላ ሕክምናም አለ። ሽንት ሲያቃጥል መመርመር፣ ጭራሽ አልወጣም ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ። ቡና መቀነስ ነው ይላሉ። እኔ ግን ፒያሳ ስወጣ ሽንት ቤት ለመግባት ስል ማኪያቶ አዛለሁ፤ ማኪያቶው ደግሞ መልሶ ያስሮጠኛል።

የዚህ አዳራሽ ሽንት ቤት ከጀርባ ነው። ጥበቃው ቆልፎት ስለነበር ቁልፉን ጠዋት ተቀብየዋለሁ፣ እጄ ላይ ነው። የፈለገች በንግግሬ መሃልም ትነሳ።