ቲሸርቱና ሰኞ ጠዋት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የሚንኳኳው ዝናብ ነው፣ ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬ ደወለ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገው ወዲህ፣ ያን ያህል ያልሞላለት ባንክ ከሌላው ጋር ይዋሃዳል እየተባለ፣ ቢሮአቸው የውህደት ወሬ አጥቶ አያውቅም። ታኅሣሥ 2017 ላይ ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። «አለቆቻችን ትንፍሽ አይሉም። ሁሉንም የምንሰማው ሻይ ቤት ነው። ሥራው እጄ ላይ አልሄድ አለኝ» አለ።

የራሴ ትዝ አለኝ። የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ እሠራ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ከሌጀር፣ ማለትም ከወረቀት መዝገብ፣ ወደ ኮር ባንኪንግ፣ ቅርንጫፎች ሁሉ በአንድ የኮምፒውተር ሲስተም ወደሚሠሩበት አሠራር፣ የገባንበት ጊዜ ነው። ያኔ ደንበኛ ብሩን የሚያወጣው ደብተር ካወጣበት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። ሲስተሙ ሲመጣ ቅርንጫፎቹ ይገናኛሉ ተባለ። እኛ ጆሮ የደረሰው ግን «ግማሻችሁ ትቀነሳላችሁ» የሚለው ነው።

ዋናው መሥሪያ ቤት ምን ላከልን? ቲሸርት! «ለውጥ ከእኔ ይጀምራል» የሚል። ቢሾፍቱ ወስደውም ሁለት ቀን አሠለጠኑን። ምሳው አሪፍ ነበር፣ አልዋሽም። ጥያቄ ስንል «ሰዓት አልቋል» ተባልን። ቲሸርቱ አሁን ወለል መወልወያ ነው።

ያተረፈችን ማኔጀራችን ናት። ሰኞ ሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በሩ ሳይከፈት፣ ካውንተሩ ጋ ትሰበስበናለች። «ይሄን አውቃለሁ፤ ይሄን አላውቅም፣ ሐሙስ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ትላለች። ሐሙስ ትጠይቃለች። አንዴ ይዛው የመጣችው መልስ መጥፎ ነበር፤ ሁለት ሰው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል። ለሁለቱ ግን አስቀድማ ለየብቻ ነግራቸው ነበር። የሚገርመው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሜቱ ቀዘቀዘ።

አንድ አንጋፋ ካሸር ነበሩን፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ፓስዋርዳቸው ከምሳ በፊት ሦስቴ ይቆለፋል። ያፍራሉ፣ ጡረታ ልውጣ ይላሉ። ማኔጀሯ አዲስ ምሩቅ ልጅ አጠገባቸው አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ፎርጅድ ብር አይለይም፣ እባክዎ ያሳዩት» አለች። ጋሼ መቶ ብሩን በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት እያደረጉ ያሳዩታል፤ ልጁም በመሀል «እዚህ ጋ ኢንተር ይበሉ» ይላቸዋል። ማን ማንን እያስተማረ እንደሆነ አይታወቅም። በወሩ ጋሼ በመስኮቷ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ሲስተም የለም፣ ትንሽ ታገሺን» ሲሉ፣ አነጋገራቸው የአይቲ ኃላፊ እንጂ የእሳቸው አይመስልም። ሳቃችንን መያዝ አቃተን።

ይሄን ሁሉ ለጓደኛዬ አወራሁለት። የዘነጋሁት ነገር ግን እሱም አለቃ ነው፣ ከሥሩ ስድስት ሰው አለ።

«አንተስ ለስድስቱ ምን አልካቸው?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ካርዴ ሊያልቅ ነው ብሎ ዘጋው።