ፋይል ተከፍቶ የቀረው ግቢ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ተወካዮች፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ለሚያፈሉልን እናቶች ምስጋናችን ይድረስ። የድሬ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቶች ለግቢያቸው የመሬት ይዞታ ካርታ የሚጠይቁበትን የማመልከቻ ናሙና አዘጋጅተናል፣ ስለ አሞላሉ ሥልጠና ሰጥተናል፣ ካርታቸውን የተረከቡ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ደስ ይላል፤ ኮርተንባቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀን ግን ፋይል ከፍተው የተዉት ናቸው።

«የባለቤትነት ካርታ» ማለት ለምዶብናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። በማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው የትምህርት ቤቱ ስም እንጂ የርዕሰ መምህሩ አይደለም። በግለሰብ ስም የተከፈተ ፋይል ሰውየው የተዛወረ ቀን ወላጅ አልባ ይሆናል። ስማቸው በዘመናት የተለዋወጠ ትምህርት ቤቶችም የስም ለውጡን የሚያስረዳ ደብዳቤ አያይዙ፤ አለዚያ የድሮው ሰነድ ስለ ሌላ ትምህርት ቤት የሚናገር ይመስላል።

«ከከዚራ እስከ ሳቢያን ሁሉም ያውቀናል፣ ማን ይነካናል?» የሚሉ አባላት አሉ። የሕዝብ አገልግሎት ንብረት በይርጋ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ በመያዝ ብቻ፣ የሌላ ሰው እንደማይሆን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይናገራል፤ እውነት ነው። ክርክር ሲነሣ የሚጠየቀው ግን «ወሰናችሁ የት ድረስ ነው?» የሚለው ነው። መጀመሪያ የላስቲክ ሱቅ ይተከላል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ከዚያ ብሎኬት። አጥራችንን አትመኑ! ብር ሲያጥር አጥር ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ በአጥር መስመር ያስለካ ትምህርት ቤት ከአጥሩ ውጪ ያለውን መሬት በራሱ ፊርማ ለቀቀ ማለት ነው። ወንዝም እንደዚያው። በድሮ ወረቀት «በአንድ ወገን ደቻቱ» ተብሎ የተጻፈበት ግቢ ካለ፣ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ወንዝ ባለበት እንደማይቆም ያውቃል። ሽማግሌዎች በቃል የሰጡት ቦታ ላይ የተሠራችሁ ደግሞ፣ ሰጪዎቹ ወይም ልጆቻቸው በሕይወት ሳሉ ቃለ ጉባኤ አስፈርሙ። የልጅ ልጅ የሚያውቀው የአያቱን መሬት እንጂ የአያቱን ቃል አይደለም።

አሁን ወደ ልኬታው፤ ፋይሎቻችን የሚሞቱት እዚህ ነው። ቀያሹ በተቀጠረበት ቀን የግቢውን ማዕዘን ሁሉ የሚያሳይ ሰው፣ ወሰንተኞቹ በሙሉ፣ የቀበሌ ተወካይም መገኘት አለባቸው። አንድ ወሰንተኛ ሳይፈርም ከቀረ ያ ጎን ክፍት ነው፤ ነገ ጠብ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ማዕዘኖቹ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ቁጥር ይሰጣቸው፣ መስመሩም ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ ግቢውን ዞሮ መነሻው ላይ ይዘጋ። በእጅ ጂፒኤስ አትርኩ፤ ስሕተቱ ጥቂት ሜትር ነው፣ ጥቂት ሜትር ደግሞ አንድ ሱቅ ነው። በቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት በሚለካው የቀያሽ መሣሪያ) ወይም በአርቲኬ (ስሕተቱ በሴንቲ ሜትር በሚቆጠር የሳተላይት መለኪያ) ይለካ።

ከሐረር ባለሙያ የምታመጡ አንድ ነገር አረጋግጡ። ዩቲኤም በሚባለው፣ ዓለምን በቁጥር በተሰጣቸው ዞኖች በሚከፍለው የካርታ ሥርዓት፣ ድሬዳዋ ከተማ ያለችው በዞን 37 ሲሆን ሐረር በ38 ናት፤ የሚለያቸው 42ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። መሣሪያው በ38 እንደተቀመጠ የተሠራ ሳይት ፕላን (የግቢው የልኬታ ንድፍ) ከከተማው ካርታ ጋር አይገጥምም። አዲንዳንና ደብሊውጂኤስ 84 የሚባሉት ሁለት ዳተሞች (ልኬታ የሚነሣባቸው መሠረቶች) ከተቀላቀሉም ግቢው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ትምህርት ቤቱ የሰው ሰፈር ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ስለዚህ ዞኑም ዳተሙም በሳይት ፕላኑ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤቶች መንገዳቸው በገጠር መሬት ሕግ ነው፤ ከሰዓት ለብቻ እናያችኋለን። የከተማዎቹ በሥራ ላይ ያሉትን የከተማ መሬት ሊዝና የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጆች አንብቡ፤ በሰፈራችሁ የይዞታ ማረጋገጥ ጥሪ ሲወጣ ቀኑ እንዳያልፋችሁ።

ገንዘቡን ልናገር። የችካል ሲሚንቶና ብረት፣ የቀያሽ አበል፣ ኮፒ፣ ባጃጅ፤ ይህ ሁሉ የሚወጣው ከመዋጮ ነው፤ መዋጮውን የሚከፍሉት ግን ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ባዶ የምናያቸው ወንበሮች ባለቤቶች አሏቸው። የልኬታ ቀጠሮ በርጫ ላይ ተቀምጠው ያሳለፉ፣ ስልክ ሲደወልላቸው «ነገ» ያሉን ናቸው። ቀያሹ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ ሦስተኛ እንዲመጣ በምን አፍ እንለምነው? ጎረቤት የሆናችሁ ንገሯቸው፦ ፋይላቸው ጸሐፊያችን ዘንድ ነው፤ የጎደለው ነገር በእርሳስ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።

ሻይ ከመጠጣታችን በፊት እያንዳንዳችሁ የትምህርት ቤታችሁን ፋይል ከጠረጴዛው ላይ አንሡ፣ ሽፋኑን አንብቡ፣ የልኬታ ቀናችሁንና የሚገኘውን ሰው ስልክ ጽፋችሁ ለጸሐፊዋ መልሱ። ጉባኤው ተከፍቷል።