«ዋስህ ማነው?»፦ ስለ ፍሪላንስ ሥራ ከደብረ ብርሃን የተደረገ ውይይት

ትዕግሥት፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ከደብረ ብርሃን ነን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፍሪላንስ ሥራ ነው። ቋሚ ቀጣሪ ሳይኖር ሥራ እያፈላለጉ ማደር ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጎድላል? እኔ ከትርፉ እንጀምር ባይ ነኝ።

ደረጀ፦ ከትርፉም ከጉድለቱም በፊት አጎቴ መጥተዋል።

ትዕግሥት፦ የሞላሌው?

ደረጀ፦ እሳቸው። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ኖሯቸው ከመንዝ መጥተው እኔ ዘንድ አርፈዋል። ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና ያዩኛል። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሬ እተረጉማለሁ። እስከ ቀትር ታገሡና፣ «ልጄ፣ ሥራ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

ትዕግሥት፦ (ሳቅ) የኔም እናት እንዲሁ ናት። ቤት ከዋልኩ ሥራ የፈታሁ ይመስላታል። እህሉን አስፈጭተሽ ነይ ትለኛለች።

ደረጀ፦ «ሥራዬ ይኸው ነው» አልኳቸው። «አለቃህ የት አለ?» አለቃ የለኝም፤ ሥራውን የሚሰጠኝ ሰው አሜሪካ ነው፤ በአካል አይቼውም አላውቅ። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ዋስህ ማነው?»

ትዕግሥት፦ ጥያቄው እኮ ትክክል ነው።

ደረጀ፦ እጅግ ትክክል! ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ስንቱ የተማረ ሰው ስለ ገቢዬ ጠይቆኛል፤ ስለ ዋስ የጠየቀኝ ግን የለም። አስረዳኋቸው። አሠሪው ገንዘቡን አስቀድሞ እኛን በሚያገናኘው ድረ ገጽ ዘንድ ያስይዛል፤ እኔ ሥራውን አስረክቤ ሲቀበለው ይለቀቅልኛል። «እንግዲያው ደላላ አለው» አሉ። አለው። «ስንት ይወስዳል?» ፋይቨር የሚባለው ከመቶ 20 ይቆርጣል አልኳቸው። ጋቢው ከትከሻቸው ወረደ።

ትዕግሥት፦ በደብረ ብርሃን ብርድ!

ደረጀ፦ በዚህ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ! «ከአምስት በግ አንዱን ለደላላ?» ብለው ጮኹ። «እኔ ብሆን በጎቼን ነድቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

ትዕግሥት፦ እዚህ ላይ ከአጎትህ ጋር አልስማማም።

ደረጀ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም።

ትዕግሥት፦ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በጉን ነድቶ የሚመለስ ሰው ግጦሽ አለው። ያልተሸጠው በግ እስከሚቀጥለው ገበያ ይሰነብታል፤ እንዲያውም ይሰባል። ያንተ ያልተሸጠች ማክሰኞ ግን ረቡዕ ላይ አትሸጥም። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው የቀረበለትን ዋጋ ይቀበላል።

ደረጀ፦ ይህን ለአጎቴ ብትነግሪያቸው እንዲህ ነው የሚሉሽ፦ «ሳይቸግረው የሚሸጥ ዋጋ ያገኛል።»

ትዕግሥት፦ ያው እኔ ያልኩትን አሉ እኮ!

ደረጀ፦ አይደለም፤ እሳቸው የሚሉት እንዳይቸግርህ አስቀድመህ አስብ ነው። ለማንኛውም ስሚኝ። የዚያኑ ሰሞን አንድ ረጅም የትርጉም ሥራ መጣ። አሠሪዎቹ ዋጋ ጠየቁኝ። አጎቴ አጠገቤ ናቸው። «ጥራና ዝም በል» አሉኝ። እኛ ፍሪላንሰሮች እኮ ልማድ አለብን፤ ዋጋ ከጠራን በኋላ «ከበዛብዎ መነጋገር እንችላለን» የሚል ጅራት እንቀጥልበታለን። ጅራቱን ቆረጥኩት። ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩና ላክሁ።

ትዕግሥት፦ ከዚያስ?

ደረጀ፦ አሠሪዎቹ ዝም አሉ። ቀኑን ሙሉ ዝም። አጎቴ በየሰዓቱ «ተናገረ?» ይሉኛል። አልተናገረም። «አንተም እንዳትናገር።» ማታ እጄ ወደ ኮምፒውተሩ ሲሄድ በዓይናቸው መለሱኝ። በማግሥቱ ምሽት መልሱ መጣ፤ ተስማምተዋል። አጎቴ ምን አሉ? «ቀብድ ተቀበል።»

ትዕግሥት፦ ቀብዱን እኔም እደግፋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ስለሠራ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። በዚያው ዝምታ ሌላ ተርጓሚ ቢቀጥሩስ?

ደረጀ፦ ሌላ ሥራ ይመጣል።

ትዕግሥት፦ ይመጣል ትላለህ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው የት ነበር?

ደረጀ፦ እሱን አታስታውሺኝ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እያደርኩ ነበር ሥራ የማስረክበው። አሠሪው በምን ያውቃል? እሱ የሚያየው መዘግየቴን ነው፤ ሲዘገይ ደግሞ ድረ ገጹ ላይ ያለኝ ደረጃ ይወርዳል፤ ደረጃ ሲወርድ ሥራ ይርቃል። መንገዱ ሲዘጋማ እዚያም መድረስ የለም።

ትዕግሥት፦ የኔ ደመወዝ ግን በወሩ መጨረሻ ገብቷል። አሁን ወደ ርዕሳችን ልመልስህ። እኔ በግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ፤ ዲዛይን የምሠራው በማታ ነው። ከደመወዜ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ ድርጅቱ ከራሱ 11 ይጨምርልኛል። በድምሩ 18 ነው። አንተ ዘንድ ያንን 11 የሚጨምረው ማነው?

ደረጀ፦ ማንም።

ትዕግሥት፦ ብትታመምስ? እኔ ብታመም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ያስከፍልልኛል። ብወልድ 120 ቀን ከነደመወዜ አርፋለሁ። የዓመት ፈቃድ አለኝ። አንተ ጉንፋን ሲይዝህ እንኳ ጋቢ ደርበህ ትተረጉማለህ።

ደረጀ፦ ልክ ነሽ፤ ግን የደመወዝሽን አቅም አስቢው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። የኔ ክፍያ በዶላር ነው። ያንቺ ደመወዝ በዚያ ሰሞን ስንት ጨመረ?

ትዕግሥት፦ አልጨመረም። ኪራዩና ዘይቱ ግን ላንተም ጨመረ።

ደረጀ፦ ጨመረ፤ ግን እኔ ደረስኩበት።

ትዕግሥት፦ እሺ፣ በዶላሩ ተረታሁ። ግን ዶላሩም ቢሆን እጅህ እስኪገባ ስንት ጣጣ አለው! ፔይፓል በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያ ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ መቀበል አይቻልም፤ ሌላ መንገድ መፈለግ አለ፤ በየመንገዱ ደግሞ ይቆረጣል።

ደረጀ፦ አጎቴ ይህንን ሲሰሙ «ሌላም ደላላ አለ?» አሉ። (ሳቅ)

ትዕግሥት፦ ነፃነት ትላላችሁ ደግሞ። ኒውዮርክ ከቢሮ ሲወጡ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። «እስከ ዛሬ ማታ አድርስልኝ» ያለህ ሰው የሚያስበው የራሱን ማታ ነው።

ደረጀ፦ እውነት ነው፤ ግን ቀኑ የኔ ነው። አጎቴን ፍርድ ቤት ይዣቸው የሄድኩት በሥራ ቀን ነው፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። አንቺ ለለቅሶ ስትሄጂ እንኳ ቅጽ ትሞያለሽ።

ትዕግሥት፦ እሞላለሁ። ስመለስ ግን ወንበሬ ይጠብቀኛል።

ደረጀ፦ እኔ ወንበሩን አልፈልገውም።

ትዕግሥት፦ ዛሬ አትፈልገውም፤ ገና ወጣት ነህ። እኔ የምልህ ሥራውን ተወው አይደለም። ማንም አያስቀምጥልህምና ያንን 18 ከየክፍያው ራስህ አስቀምጥ ነው። ያኔ አጎትህ እንዳሉት ዝም ማለት ትችላለህ። ጥቂት ወር የሚያቆይ ገንዘብ ያለው ሰው ዝም ይላል፤ የሌለው ይለፈልፋል።

ደረጀ፦ በባንክ ተቀምጦ ዋጋው እያነሰ?

ትዕግሥት፦ በግ ግዛበት እንግዲህ!

ደረጀ፦ (ሳቅ) አጎቴ ቢሰሙሽ ዛሬውኑ ጠቦት ይመርጡልኛል። ከመቶ 10 አስቀምጣለሁ።

ትዕግሥት፦ 18 ነው ያልኩት።

ደረጀ፦ 10 ብያለሁ። ጠርቼ ዝም ብያለሁ።

ትዕግሥት፦ የግብሩን ነገር ጭራሽ ሳንነካው ሰዓታችን አለቀ። ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆየን፤ ደህና ሰንብቱ።